ባሕረ መዝገብ

ይኸውልህ፣ ልጄ፣ የአያትህ ባሕረ መዝገብ፣
ጠርዙ የተቃጠለ፣ የማይነበብ በደንብ።
ቀስ ብለህ ግለጠው፤ አመድ ነው ቅጠሉ፣
ቁጥሮቹ ግን አሉ።

እዚህ ገጽ ላይ፣ ከላይ፣ አምብሮዝ ይላል ስሙ፤
የብሪስቶል ነጋዴ፣ ቀይ ነበረ ጢሙ።
ሳንሉካር፣ ወንዛችን ከባሕር በሚገጥምበት በር፣
ጥቅምት በጠባ ቁጥር፣ አንድ ዓመት ሳይቀር፣
ሱፉን፣ ቆርቆሮውን፣ ከመርከብ ሲያራግፍ፣
እኛ ወይንና ዘይት ስንደረድር በረድፍ፣
አባቴ ይመዝናል፤ እሱ ቆሞ ይስቃል፤
«የሚዛንህ ምላስ ከጳጳስ ይታመናል» ይላል።

እኔን ክርስትና ያነሣኝ እሱ ነው።
ያን ጊዜ ጸሎቱ ከኛ ጋራ አንድ ነው፤
ላቲኑን በብሪስቶል አፍ ቢሰባብረውም፣
እኛም ከሱ ይበልጥ አናሳምረውም።

ከዚያ ያገሩ ንጉሥ ከሮማ ተጣላ።
ምክንያቱን እንጃ፤ ሚስት ናት ይላሉ፤
የገዳም መሬት ነው የሚሉም አሉ።
እኔ የማውቀው ግን፣ ጥቅምት ላይ ሲመጣ፣
ቁርባን ለበሽተኛ በጎዳና ሲወጣ፣
ሰው ሁሉ ሲንበረከክ፣ አምብሮዝ ቀረ ቆሞ፣
ባርኔጣውን ይዞ፣ ከንፈሩን ገጥሞ።
አባቴ በጉልበቱ፣ ዓይኑን ካፈር ጥሎ፣
«እግሩን አሞት ነው» አለ ለጎረቤት፣ ዋሸ ለሱ ብሎ።
ያቺ ውሸት አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ኖረች፤
በሦስተኛው አለቀች።

ደግሞ የብሩ ነገር አለ። ከምዕራብ፣ ከሩቅ፣
መርከቦች ይመጣሉ፣ ጎናቸው ውኃ እስኪያንቅ፣
ሰው ያለቀበትን ተራራ በሣጥን ጭነው።
ንጉሣችን፣ «የኔ ነው፤ እግዜር የሰጠኝ ነው፤
ለመናፍቅ ወደብ የለም» ብሎ አወጀ፤
የነሱም ዙፋን ለባሕር ወንበዴ ማኅተም አበጀ።
እዚህ «ለሃይማኖት!» አሉ፤ እዚያም «ለሃይማኖት!»
እኔ ሚዛን ቤት ነው ያደግሁት፤ ልንገርህ፦
መቁጠሪያ ሁለት ነው፤ አንዱ በአንገትህ፣
አንዱ በከረጢትህ። ጣቱ ግን ያው ጣት ነው፤
የቱን እንደሚቆጥር ማን አይቶ ይለየው?

አንድ ቀን ፈተሹ። ከዓሣው በርሜል፣ ከጨው ታች፣
ባገሩ ቋንቋ የታተመች ዳዊት ወጣች።
«የማን ናት?» ሲሉት፣ «የኔ» አለ። ሌላ ቃል የለም።
ወደ ሴቪል፣ በጀልባ፣ ሽቅብ ወሰዱት፤ አልተመለሰም።
አባቴንም ጠሩት፦ «ያ ሰው መቼ ነው
እግሩን ያመመው?»
«እኔ ሻጭ ነኝ» አለ፤ «እግሩን አላውቅም።»
ከዚያ ወዲህ፣ ዶሮ ሲጮህ፣ ተኝቶ አያውቅም።

በስድስተኛው ዓመት፣ በግንቦት ማለዳ፣
የአምብሮዝ ልጅ ኢንግራም መጣ፣ የአምስት መርከብ እንግዳ።
ሱፍ አልያዘም። መድፍ ነው።
ሚዛን ቤቱን ሲፈልግ መሪ አላሻውም፤
ከጆንያችን ላይ ተቀምጦ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ፣
በኛ ቋንቋ እስከ መቶ የቆጠረው እዚያ ነበር ለካ።
መዝሙር እየዘመሩ ለኮሱት።
ወይኑን ግን
ቀድመው ጭነውት ነበር።

ይህን መዝገብ አባቴ በባዶ እጁ ከእሳት አወጣው፤
ጠባሳውን አይተኸዋል፤ በለቅሶው ቀን፣ ስንገንዘው።

አሁን እዚህ አንብብ፤ ከታች፣ ቡናማ የሆነው፦
«ለአምብሮዝ፣ የሦስት ጣቃ ሱፍ ዋጋ፣ ያልተከፈለ ነው።»
ነገሥታቱ ሒሳባቸውን በባሕር ያወራርዱ፤
የሰጠመው ለነሱ ይቆጠር፤ የኛን ግን አይነኩ።
ባሕር መዝገብ የተባለው ለካ እውነት ኖሯል፤
ያልከፈልነውን ሁሉ ጨው ውስጥ አስቀምጧል።

አንተ ግን ያቺን መስመር አትሰርዛት፤ አደራ።
የኢንግራም ልጅ አንድ ቀን ቢመጣ ከዚህ ዳር፣ ከዚህ ስፍራ፣
ሱፍ ቢጭን፣ መድፍም ቢጭን፣
አስቀድመህ የሦስቱን ጣቃ ዋጋ ቆጥረህ ስጠው፣ እጁን ይዘህ።
ከዚያ ወዲያ፣
ሮጠህ አምልጥ፣ ልጄ።